ዝግጁ የሶፍትዌር ክፍሎችን በመምረጥ ረገድ ቴክኒካዊ ያልሆኑ የጥራት መመዘኛዎች፤ ታሪካዊ ዳሰሳ

መግቢያ

አንድ መሥሪያ ቤት ለሥራው የሚያስፈልገውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም በሁለት መንገድ ሊያገኝ ይችላል። አንደኛው ባለሙያ ቀጥሮ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሱ ማሠራት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሌላ ወገን አስቀድሞ ያዘጋጀውን ገዝቶ ወይም በነፃ ወስዶ ከሥራው ጋር ማገጣጠም ነው። በዛሬው ጊዜ ሁለተኛው መንገድ እጅግ የተስፋፋ በመሆኑ አንድም ክፍል ከውጭ ሳይወሰድ የተሠራ ትልቅ ፕሮግራም ማግኘት አዳጋች ሆኗል። የመረጃ ማከማቻው፣ የምስጢር መጠበቂያው፣ የፊደል ማሳያው፣ ሌላው ቀርቶ ቃላትን በመስመር ላይ የሚያሰልፈው ጥቃቅን ክፍል ሁሉ ከሌላ እጅ የመጣ ነው።

እንዲህ ያለው ዝግጁ ክፍል በሚመረጥበት ጊዜ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ሥራውን በሚገባ ይሠራልን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ በታች ከቀረቡት ታሪኮች እንደሚታየው፣ ከባድ ጉዳት ካስከተሉት ክፍሎች መካከል ብዙዎቹ በተመረጡበት ጊዜ ሥራቸውን በሚገባ ይሠሩ የነበሩ ናቸው። ጉድለቱ የተገኘው ከክፍሉ ውጭ ነበር። ማን ሠራው? ማን ይጠብቀዋል? በምን ውል ተገኘ? ሠሪው ቢከስር፣ ቢደክመው ወይም ሐሳቡን ቢለውጥ ምን ይሆናል? በከብት ገበያ አስተዋይ ገበሬ የበሬውን ጥርስና ትከሻ ከመረመረ በኋላ ሻጩ ማን እንደሆነ፣ ዋሱም ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ገንዘቡን አይቆጥርም። በሶፍትዌር ረገድ ግን ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ተገቢውን ስፍራ ለማግኘት ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቴክኒካዊ ያልሆኑ የሚባሉት የጥራት መመዘኛዎች እንዴትና በምን ምክንያት ቀስ በቀስ እንደታወቁ በታሪካዊ ቅደም ተከተል ማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የሐሳቡ አመጣጥ

በኦክቶበር 1968 የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት የሳይንስ ኮሚቴ የጠራው ጉባኤ በምዕራብ ጀርመን በጋርሚሽ ከተማ ተካሄደ። የጉባኤው ዋና መነጋገሪያ ትላልቅ ፕሮግራሞች ከተመደበላቸው ጊዜና ገንዘብ አልፈው መዘግየታቸው፣ ከተጠናቀቁም በኋላ በስሕተት የተሞሉ መሆናቸው ነበር። በዚህ ጉባኤ ላይ የቤል ላቦራቶሪዎች ባልደረባ የሆነው ዳግላስ ማክኢልሮይ በብዛት ስለሚመረቱ የሶፍትዌር ክፍሎች አንድ ጥናት አቀረበ። የኮምፒዩተር መሣሪያ ሠሪዎች የሚፈልጉትን ዕቃ ከካታሎግ መርጠው ሲያዝዙ፣ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ግን እያንዳንዱን ነገር እንደ ጎጆ ኢንዱስትሪ ሠራተኛ በየቤታቸው እንደገና እንደሚሠሩ ገለጸ። መፍትሔ አድርጎ ያቀረበውም ራሱን የቻለ የክፍሎች አምራች ኢንዱስትሪ እንዲቋቋም ነበር።

ማክኢልሮይ ክፍሎቹ በካታሎግ ውስጥ በምን በምን ሊመደቡ እንደሚገባ ሲዘረዝር የስሌታቸውን ትክክለኛነት፣ ብልሽትን የመቋቋም ብርታታቸውን፣ የሚፈጁትን ጊዜና የማስታወሻ ቦታ፣ እንዲሁም የሚይዙትን መጠን ጠቀሰ። ዝርዝሩ ለሳይን ስሌት ወይም ለጽሑፍ ማስተካከያ ለሚውል ክፍል የተሟላ ነው። ነገር ግን ሁሉም መለኪያዎች የክፍሉን ጠባይ እንጂ የሠሪውን ሁኔታ አይነኩም። በዚያን ጊዜ ይህ እንደ ጉድለት ሊቆጠር አይችልም፤ ምክንያቱም የሶፍትዌር ገበያ ራሱ ገና በመወለድ ላይ ነበር።

ገበያው የተከፈተው በሚቀጥለው ዓመት ነው ለማለት ይቻላል። እስከ 1969 ድረስ የአይ. ቢ. ኤም. ኩባንያ ፕሮግራሞችን፣ ሥልጠናንና የባለሙያ እርዳታን ከመሣሪያው ኪራይ ወይም ሽያጭ ጋር አጠቃልሎ ያቀርብ ነበር። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በጃንዋሪ 1969 በኩባንያው ላይ የፀረ ሞኖፖል ክስ አቀረበ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ጁን 23 ቀን 1969፣ ኩባንያው አንዳንድ ፕሮግራሞችንና አገልግሎቶችን በተለየ ዋጋ መሸጥ እንደሚጀምር አስታወቀ። ከዚህ በኋላ ገዢው ከአንድ አቅራቢ በአንድ ውል የሚያገኘው ነገር ወደ ብዙ ውሎች ተከፋፈለ። ዋጋ፣ ፈቃድ፣ ጥገና፣ ሥልጠና የተባሉት ነገሮች እያንዳንዳቸው የድርድር ርእስ ሆኑ።

የሻጭና የገዢ ግንኙነት እየጠነከረ በሄደ መጠን አዲስ ጥያቄ ተነሣ። አይ. ቢ. ኤም. በ1983 ፕሮግራሞቹን ያለ ምንጭ ኮድ፣ ማለትም ሰው አንብቦ ሊያስተካክለው በማይችል መልክ ብቻ የማቅረብ መርሕ እንደሚከተል አስታወቀ። ገዢው የገዛውን ነገር ውስጡን ሊያይ ካልቻለ አቅራቢው በሚጠፋበት ቀን ፕሮግራሙም አብሮ ይጠፋል። ለዚህ ችግር መድኃኒት ሆኖ በ1980ዎቹ የተስፋፋው ዘዴ ምንጭ ኮዱን በሦስተኛ ወገን ዘንድ በአደራ ማስቀመጥ ነው። አቅራቢው ቢከስር ወይም ጥገናውን ቢያቋርጥ አደራ ጠባቂው ኮዱን ለገዢው ያስረክባል። ይህ ሥርዓት የአቅራቢው ዕድሜ ከምርቱ ጥራት ተለይቶ የማይታይ መሆኑን በሕግ ቋንቋ ማመን ነበር።

2. የጥራት ማዕቀፎች ያዩትና ያላዩት

ሕግ አዋቂዎችና ነጋዴዎች ይህን ጉዳይ በውል ሲያስሩ፣ የሶፍትዌር ጥራት ተመራማሪዎች በሌላ አቅጣጫ ይጓዙ ነበር። በ1977 ጂም ማኮልና ባልደረቦቹ ለአሜሪካ አየር ኃይል ባዘጋጁት ጥናት የሶፍትዌርን ጥራት በ11 ገጽታዎች ከፋፈሉት። ከእነዚህም መካከል ትክክለኛነት፣ አስተማማኝነት፣ ቅልጥፍና፣ ለጥገና አመቺነትና ከሌሎች ጋር ተግባብቶ መሥራት ይገኙበታል። በ1991 ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ቁጥር 9126 የተባለውን ደረጃ ባወጣ ጊዜ ገጽታዎቹ 6 ሆኑ፤ በ2011 ይህንን በተካው ቁጥር 25010 ደረጃ 8፣ በ2023 በተሻሻለው እትም ደግሞ 9 ሆነዋል።

ቁጥሩ ቢለዋወጥም የሁሉም አመለካከት አንድ ነው። የሚመዘነው ምርቱ ነው። ፕሮግራሙን በራሱ ባለሙያዎች ለሚያሠራ ድርጅት ይህ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ሠሪውን ያውቀዋል፣ ደመወዙንም ይከፍለዋል። ከውጭ ለሚገዛ ድርጅት ግን ማዕቀፉ ግማሹን ጥያቄ ብቻ ይመልስለታል። «ለጥገና አመቺ ነው» የሚለው ፍርድ ጥገናውን የሚያደርግ ሰው መኖሩን አያረጋግጥም።

ይህንን ክፍተት ለመሙላት የተደረጉት ጥረቶች የተጀመሩት በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ዩርኪ ኮንቲዮ ለዝግጁ ክፍሎች ምርጫ ባቀረበው ዘዴ ከተግባርና ከጥራት መመዘኛዎች ጎን ስልታዊ ጉዳዮችን እንደ አንድ ራሱን የቻለ ምድብ አስገባ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በባርሴሎና የካታሎኒያ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ካርቫዮ፣ ፍራንክና ኬር የ9126 ደረጃ በራሱ አሠራር እንዲሰፋና ቴክኒካዊ ያልሆኑ ጉዳዮችም፣ ለምሳሌ የአቅራቢው ሁኔታ፣ ፈቃድና ወጪ፣ በተመሳሳይ ሥርዓት እንዲዘረዘሩ ሐሳብ አቀረቡ። የዚህ ሐሳብ ጥቅም ለአስተዳዳሪው ስሜት የተተወውን ነገር በጽሑፍ ሊመረመርና ሊነጻጸር ወደሚችል ዝርዝር መለወጡ ነው።

3. ከመንግሥት ግዥና ከአሪያን ሮኬት የተገኘ ትምህርት

ተመራማሪዎቹን ወደዚህ ጥያቄ ከገፋፏቸው ነገሮች አንዱ የመንግሥት ግዥ ነበር። ጁን 29 ቀን 1994 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ዊሊያም ፔሪ ባወጡት መመሪያ የጦር ኃይሉ በልዩ ወታደራዊ መግለጫ ማሠራቱን ቀንሶ በገበያ ላይ ያሉትን የንግድ ምርቶችና ደረጃዎች እንዲያስቀድም አዘዙ። ተስፋው ወጪን መቀነስና አዲስ ቴክኖሎጂን ቶሎ ማግኘት ነበር። ከጥቂት ዓመታት ልምድ በኋላ፣ በ1999፣ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ባሪ ቤምና ክሪስ አብትስ የዝግጁ ምርቶችን ጠባይ በ4 ነጥቦች አጠቃለሉ። ገዢው በምርቱ ተግባር ላይ ሥልጣን የለውም፤ ምርቶቹ እርስ በርስ እንዲገጣጠሙ ታስበው አልተሠሩም፤ ገዢው ምርቱ ወደፊት በሚለወጥበት አቅጣጫ ላይ ሥልጣን የለውም፤ የአቅራቢዎችም ጠባይ እጅግ የተለያየ ነው። ከአራቱ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በማናቸውም ቴክኒካዊ ሙከራ ሊታወቁ አይችሉም።

በዚያው ዘመን በአውሮፓ የደረሰው አደጋ ሌላ ገጽታ ያሳያል። ጁን 4 ቀን 1996 አሪያን 5 የተባለችው ሮኬት ከፈረንሳይ ጉያና ከኩሩ ጣቢያ በተነሣች በ40 ሴኮንድ ገደማ ከመንገዷ ወጥታ ፈነዳች። የሮኬቷን አቅጣጫ የሚጠቁመው ክፍል ሶፍትዌር ከቀድሞዋ አሪያን 4 የተወሰደና በዚያች ሮኬት ላይ የተመሰከረለት ነበር። አሪያን 5 ግን በበረራዋ መጀመሪያ ላይ ወደ ጎን የምትጓዝበት ፍጥነት የበለጠ ስለነበረ በ16 ቢት እንዲቀመጥ የታሰበው ቁጥር ሞልቶ ፈሰሰ፤ ክፍሉም ሥራውን አቆመ። ስሕተቱን ያስከተለው ስሌት ሮኬቷ ከመሬት ከተነሣች በኋላ ለአሪያን 5 ምንም ጥቅም አልነበረውም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቴክኒካዊ ይመስላል። ነገር ግን በዣክ ሉዊ ሊዮንስ ሰብሳቢነት የተቋቋመው አጣሪ ቦርድ ከስሌቱ አልፎ ተመለከተ። የአሪያን 5 የጉዞ መረጃ ለክፍሉ በተሰጠው መግለጫ ውስጥ እንዳይካተት ወገኖቹ ተስማምተው እንደነበር አመለከተ። ክፍሉ በጥሩ ስሙ ታምኖ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ሲዛወር፣ በምን ሁኔታ ውስጥ ለመሥራት እንደታሰበ የሚናገር ሰነድና ውል አብሮት አልተዛወረም። ያለፈ መልካም ታሪክ አንድ መመዘኛ ቢሆንም ታሪኩ የት እንደተገኘ ካልተጠየቀ አሳሳች ሊሆን እንደሚችል ይህ አደጋ ያስረዳል።

4. የአንድ ቤተ መጻሕፍት ምሳሌ

የሮኬትና የጦር ኃይል ታሪክ ለትምህርት ቤትና ለቤተ መጻሕፍት ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። በዚህ ምክንያት በኒው ዚላንድ በሌቪን ከተማ የሚገኘው የሆሮፌኑዋ ቤተ መጻሕፍት ባለአደራ ድርጅት ታሪክ ልዩ ትኩረት ይገባዋል።

በ1999 ይህ ድርጅት መጻሕፍትን የሚያበድርበትና የሚመዘግብበት አሮጌ ፕሮግራም የ2000 ዓመትን ቁጥር በትክክል ሊያስተናግድ እንደማይችል ታወቀ። አማራጩ በገበያ ላይ ከነበሩት ምርቶች አንዱን መግዛት ነበር። እነዚህ ምርቶች ለትልልቅ ተቋሞች የተዘጋጁ ሲሆኑ ለአንድ አነስተኛ የገጠር ከተማ ቤተ መጻሕፍት የሚከብዱ ነበሩ። ስለሆነም ድርጅቱ ካቲፖ ከተባለ አነስተኛ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ አዲስ ፕሮግራም አሠራ። ፕሮግራሙ በጃንዋሪ 2000 ሥራ ጀመረ። ስሙም ኮሃ ተባለ፤ ትርጉሙ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ምንጭ ኮዱ ማንም ሊጠቀምበት፣ ሊያሻሽለውና ሊያድለው በሚያስችል ክፍት ፈቃድ ተለቀቀ።

የፈቃዱ ዋጋ በቀጣዮቹ ዓመታት ታየ። ካቲፖ በ2007 ከኮሃ ጋር የተያያዘውን ሥራውን ለሌላ ኩባንያ አስተላለፈ፤ ያም ኩባንያ በተራው በ2010 ተሸጠ። ምንጩ በተዘጋ ፕሮግራም ላይ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ የእጅ ለውጦች የተጠቃሚዎቹን ዕድል ሙሉ በሙሉ በአዲሱ ባለቤት ፈቃድ ላይ በጣሉት ነበር። ኮሃ ግን ኮዱ በብዙዎች እጅ ስለነበረ በተለያዩ አገሮች የሚገኙ ባለሙያዎችና ቤተ መጻሕፍት ሥራውን በራሳቸው ድረ ገጽና በራሳቸው ጉባኤ ቀጠሉ።

ይሁን እንጂ ፈቃዱ ሁሉን ነገር አልሸፈነም። በ2011 በኒው ዚላንድ የኮሃን ስም የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ በቀረበ ማመልከቻ ምክንያት ክርክር ተነሣ። ፕሮግራሙን መጀመሪያ ያሠራው ባለአደራ ድርጅት ራሱ ስሙን ለማስጠበቅ መሟገት ግድ ሆነበት። በመጨረሻ ማመልከቻው ውድቅ ተደረገ። ከዚህ እንደሚታየው የኮዱ ባለቤትነትና የስሙ ባለቤትነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መራጩ ሁለቱንም ለየብቻ ሊመረምራቸው ይገባል።

የባለቤትነት መለዋወጥ የትንንሽ ኩባንያዎች ዕጣ ብቻ አይደለም። በሰፊው የሚሠራበት ማይ ኤስ. ኪው. ኤል. የተባለው የመረጃ ማከማቻ ባለቤት በ2008 በአንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለሰን ማይክሮሲስተምስ ተሸጠ፤ ሰንም በጃንዋሪ 2010 በኦራክል ኩባንያ ተጠቃለለ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ምርት ሦስት ባለቤቶች አየ። የኩባንያ ትልቅነት ብቻውን የዋስትና ምልክት ሊሆን እንደማይችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

5. በነፃ የተገኘ ክፍል ጠባቂ ማን ነው?

ምንጩ ክፍት መሆኑ የአቅራቢን ጥያቄ ካቃለለው፣ ሌላ ጥያቄ በቦታው ተተካ። ኦፕን ኤስ. ኤስ. ኤል. የተባለው ክፍል በኢንተርኔት ላይ የሚተላለፉ ምስጢሮችን ይጠብቃል። ኤፕሪል 7 ቀን 2014 በዚህ ክፍል ውስጥ ከማርች 2012 ጀምሮ ማንም ሳያስተውለው የቆየ ስሕተት ለሕዝብ ተገለጸ። በስሕተቱ አማካይነት ማንኛውም ሰው ከሩቅ ሆኖ የአገልጋይ ኮምፒዩተሮችን የማስታወሻ ይዘት ለማንበብ ይችል ነበር። ያን ጊዜ በተደረገ ግምት ለአደጋው የተጋለጡት አገልጋይ ኮምፒዩተሮች ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነበሩ።

ከስሕተቱ ይበልጥ ብዙዎችን ያስደነቀው የጠባቂዎቹ ሁኔታ ነው። የዓለም ባንኮችና ነጋዴዎች የተመኩበት ይህ ክፍል ሙሉ ጊዜውን የሚሠራለት አንድ ሰው ብቻ ነበረው፤ በመዋጮ የሚያገኘውም በዓመት 2,000 ዶላር ገደማ እንደነበር ኃላፊው በይፋ ገለጸ። ኮዱ ለማንም ክፍት ስለነበረ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ሌላው መርምሮታል ብሎ ተማምኖ ነበር። በዚያው ወር የሊኑክስ ፋውንዴሽን ትልልቅ ኩባንያዎችን አስተባብሮ እንዲህ ላሉ መሠረታዊ ክፍሎች የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጥ ፕሮግራም አቋቋመ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ማርች 22 ቀን 2016፣ አንድ ፕሮግራም ጸሐፊ በስም ይገባኛል ክርክር ምክንያት ተቆጥቶ ያዘጋጃቸውን ከ250 በላይ ጥቃቅን ክፍሎች ከሕዝብ መጋዘን አነሣ። ከእነዚህ አንዱ ቃላትን በግራ በኩል በባዶ ቦታ ሞልቶ የሚያሰልፍ፣ 11 መስመር ብቻ የሆነ ክፍል ነበር። ክፍሉ ምንም ጉድለት አልነበረበትም፤ ሲነሣ ግን በዚያው ላይ የተገነቡ እጅግ ብዙ ፕሮግራሞች መገጣጠም አቃታቸው።

የመጨረሻው ምሳሌ ከሁሉ የበለጠ ያሳስባል። ኤክስ. ዜድ. የተባለውን የመረጃ ማመቂያ ክፍል አንድ ሰው ያለ ክፍያ ለብዙ ዓመታት ሲጠብቀው ኖሯል። ከ2021 ጀምሮ በማይታወቅ ማንነት የቀረበ ረዳት ጠቃሚ ሥራ እየሠራ እምነትን አተረፈ፤ በመጨረሻም የጠባቂነት ሥልጣን ተሰጠው። ይህንን እምነት ተጠቅሞ በ2024 መጀመሪያ በወጡት እትሞች ውስጥ ሥውር መግቢያ በር አስገባ። ተንኮሉን ማርች 29 ቀን 2024 ይፋ ያደረገው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ባለሙያ ነው፤ ጥርጣሬው የተነሣው ወደ ኮምፒዩተሩ ለመግባት የሚፈጀው ጊዜ በግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱን በማስተዋሉ ነበር። አጥቂው የሰበረው በር የቴክኒክ በር አልነበረም። የተጠቀመበት ድካም ብቸኛ የሆነ ሠራተኛ ድካም ነው።

6. የኢትዮጵያ ፊደልና የዝግጁ ምርት ጥያቄ

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ተቋሞችም እንግዳ አይደለም። የግዕዝ ፊደልን በኮምፒዩተር ለመጻፍ የሚያስችሉ ፕሮግራሞች መጀመሪያ በቀረቡበት ዘመን እያንዳንዱ አዘጋጅ ለፊደሎቹ የየራሱን የኮድ ቁጥር ይሰጥ ነበር። ጽሑፎቹ በሚታተሙበት ጊዜ ያማሩ ነበሩ። ነገር ግን በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ የዚያ ፕሮግራም ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ድርድር ሆኖ ይታይ ነበር። መሥሪያ ቤቱ የገዛው የጽሕፈት መሣሪያ ይመስለው እንጂ፣ በተግባር የሰነዶቹን መከፈቻ ቁልፍ ከአንድ አዘጋጅ ጋር አስሮ ነበር።

የኢትዮጵያ ፊደል በሴፕቴምበር 1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል በማንም የግል ይዞታ ሥር ያልሆነ ቋሚ ቁጥር አገኘ። በ2007 ለጠቅላላው ገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም የግዕዝ ፊደልን ከራሱ ጋር ይዞ ወጣ። በዚህ ምክንያት ጽሑፍን ከሠሪው ፕሮግራም ነፃ አድርጎ ማቆየት ተቻለ። በአሮጌው ኮድ የተጻፉ ሰነዶች ግን ካልተለወጡ በስተቀር አሁንም በዚያው ቁልፍ ሥር እንደሆኑ ይኖራሉ። አንድ ምርት ሲመረጥ ሊጠየቅ የሚገባው «ከዚህ ምርት እንዴት መውጣት ይቻላል?» የሚለው ጥያቄ ዋጋው የሚታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ መሆኑን ይህ ያረጋግጣል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ ከ1968ቱ ካታሎግ ወዲህ የጥራት ትርጉም እንዴት እየሰፋ እንደመጣ ያሳያል። መጀመሪያ ክፍሉ ብቻ ይመዘን ነበር። ቀጥሎ ውልና ፈቃድ፣ ከዚያም የአቅራቢው ዕድሜና የባለቤትነት መለዋወጥ፣ በመጨረሻም ክፍሉን የሚጠብቁት ሰዎች ብዛት፣ ገቢና ጥንካሬ ወደ ሚዛኑ ገቡ። ይህ ሲባል ቴክኒካዊ ምርመራ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ክፉኛ የተሠራ ክፍል በመልካም አቅራቢ እጅ ስላለ ብቻ መልካም አይሆንም። ሆኖም ቴክኒካዊው ምርመራ የሚናገረው ስለ ዛሬ ሲሆን ቀሪዎቹ መመዘኛዎች የሚናገሩት ስለ ነገ ነው።

በመሆኑም ዝግጁ የሶፍትዌር ክፍል የሚመርጥ ተቋም ከሙከራው ውጤት ጎን ጥቂት ነገሮችን በጽሑፍ ማስፈር ይኖርበታል። ክፍሉን የሚጠብቁት ስንት ሰዎች እንደሆኑና በምን እንደሚተዳደሩ፣ ፈቃዱ ምን እንደሚፈቅድና ምን እንደሚከለክል፣ ስሙና ኮዱ በማን እጅ እንዳሉ፣ ክፍሉ ቀድሞ በምን ሁኔታ ውስጥ እንደሠራ፣ አቅራቢው ቢለወጥ ማን እንደሚተካው፣ ተቋሙ ለመለየት ቢፈልግም መረጃውን በምን መልክ ይዞ እንደሚወጣ መመዝገብ አለበት። እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጥቂት ቀናትና አንድ ጠንቃቃ ሠራተኛ ይበቃሉ። ገንዘባቸው አነስተኛ የሆነ ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት የተሳሳተ ምርጫን ሁለተኛ ጊዜ የመክፈል አቅም ስለሌላቸው ጥያቄዎቹን ማንሣት ያለባቸው ከሁሉ አስቀድመው እነርሱ ናቸው።